የንጉሥ መልክ ያለው ቶማስ

ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ የት ይጻፍለት? በሩ ላይ? ደወሉ ላይ? መጋረጃው ጠርዝ ላይ በወርቅማ ክር? ይሄ ጥያቄ በአገራችን ስንቱን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ እንዳጣላ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስም ስላስጻፈ ሰው አይደለም። ፊቱን ስለተከሉለት ሰው ነው፤ ያውም ሐዋርያ አንገት ላይ። ሰውዬው የፈረንሳይ ንጉሥ ነበር።

ያየሁት ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ አገር መኖር ከጀመረ ቆይቷል። ልጠይቀው የሄድኩ ጊዜ አንድ እሑድ ይዞኝ ወጣ። ሉቭር የገባ ሰው ሁሉ እግሩ ወደ ሞና ሊዛ ነው። እኔ ደግሞ ሰው የሚጋፋበት ቦታ አይሆንልኝም።

“ጋሼ፣ ፓሪስ ድረስ መጥተው ሞና ሊዛን ሳያዩ ሊመለሱ ነው?” አለኝ።

“እሷን ሃያ ዓመት ሙሉ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሳያት ኖሬያለሁ” ብዬ ሪሼልዩ ወደሚባለው ክንፍ ጎተትኩት። የዕቃ ክፍል ነው፤ የነገሥታትና የመኳንንት ሰሃን፣ ሣጥን፣ ጌጣጌጥ የተደረደረበት። ጭር ብሏል። ቶማስን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ልብሱ ያንጸባርቃል። ትናንት የታጠበ ነው የሚመስለው። ዕድሜው ግን ወደ አምስት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። የዘይት ቀለም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶ ይጠቁር፣ ይሰነጣጠቅ ነበር። ይሄ ግን ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆ ደግሞ አይደበዝዝም። እኔ ልብሱን እያየሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ወደ ፊቱ ተጠጋ።

“እንዴ! ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የልጄ የታሪክ መጽሐፍ ላይ አለ!”

እውነቱን ነው። ረዥሙ አፍንጫ፣ ጠበብ ያሉት ዓይኖች፣ ጢሙ፣ ሁሉም የቀዳማዊ ፍራንሷ ናቸው። ሙዚየሙም አልደበቀውም፤ በቀዳማዊ ፍራንሷ መልክ የተሠራ ቅዱስ ቶማስ መሆኑን ጽፎበታል። የዚያው ሠዓሊ ሥራ የሆነ ጳውሎስም አለ፤ እሱ ደግሞ የተሠራው በአንድ የቤተ መንግሥት ሹም መልክ ነው። ንጉሡ ሐዋርያ ከሆነ ሹሙስ ለምን ይቅርበት?

(ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

አሠራሩን ካልነገርኳችሁ ነገሩ በደንብ አይገባችሁም። ኤናሜል ስል ሩቅ አትሂዱ። ነጭ ሆና ጠርዟ ሰማያዊ የሆነችው የድሮዋ የብረት ሰሃን ትዝ ትላችኋለች? የእጅ ማስታጠቢያውስ? ወድቃ ስትጋጭ ነጩ ይፈነቀልና ከሥሩ ጥቁር ብረት ብቅ ይላል። ያ የተፈነቀለው ነገር ኤናሜል ነው፤ ተፈጭቶ፣ ብረት ላይ ተነስንሶ፣ በእሳት የቀለጠ ብርጭቆ። እኛ ወጥ የበላንበትን ጥበብ በመካከለኛው ፈረንሳይ የምትገኘው ሊሞዥ ሐዋርያትን ሣለችበት።

ሊሞዥ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረችም። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን መዳብ እየቦረቦሩ ጉድጓዱን በብርጭቆ የሚሞሉ ባለሙያዎች ነበሯት። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 እዚያው ካቴድራሉ ውስጥ በንጉሡ ባላባቶች ሰይፍ ተገድሎ በ1173 ቅዱስ ተብሎ ሲታወጅ፣ የግድያው ታሪክ የተሣለባቸው ብዙ የዐፅም ማስቀመጫ ሣጥኖች የወጡት ከሊሞዥ ነው። አያችሁ? ሌላ ቶማስ፣ ሌላ ንጉሥ። በ1370 የእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ ከተማዋን ወርሮ አስዘረፋት። ሥራው እንደገና ነፍስ የዘራው በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ ግን መዳቡን መቦርቦር ቀርቶ በላዩ ላይ መሣል ሆነ።

እንዴት ይሣላል? ስስ መዳብ ይወሰዳል። በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ትንሽ እንዲጎብጥ ይደረጋል፤ ይጸዳል። የተፈጨ ብርጭቆ ይለብስና ሙቀቱ 800 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ይሄ ገና መደቡ ነው። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል፤ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ወይን ጠጁ ከማንጋኒዝ። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሙቀት አለመቅለጣቸው ነው። ብዙ እሳት የሚፈልገው ይቀድማል፣ ትንሽ የሚበቃው ይከተላል፣ ወርቁ በመጨረሻ ለዘብ ባለ እሳት ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሰሌዳ ምድጃ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል። በገባ ቁጥር ደግሞ ሊሰነጠቅ፣ ሊያርር፣ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ባለሙያው ሲቀባ የሚያየው ቀለም ከእሳት ሲወጣ የሚያገኘው ቀለም አይደለም፤ በልቡ ቀድሞ ማየት አለበት። በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ቢሳሳት ይደርብበታል። ይሄኛው ምን ላይ ይደርባል?

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ጀርባው ነው። መዳብና ብርጭቆ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ሲቀዘቅዙም እኩል አይሰበሰቡም። ፊቱ ብቻ ብርጭቆ ቢለብስ ሰሌዳው ይጣመማል፣ ብርጭቆውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጀርባውንም ያለብሱታል። ለዚህ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከዚህም ከዚያም የተረፈ ቅንጥብጣቢ ብርጭቆ ነው። ማን ያየዋል? ግድግዳ ጋ ይለጠፋል በቃ። እንግዲህ ፊት ለፊት የቆመው ንጉሥ ሳይሰነጠቅ ዘመን የተሻገረው ከኋላው ያ ማንም የማያየው ትርፍራፊ ደግፎ ስለያዘው ነው። አንገቴን አጣምሜ ጀርባውን ለማየት ስሞክር የሙዚየሙ ጥበቃ ጉሮሮዋን ጠረገችብኝ።

የሠዓሊው ስም ሌዎናር ሊሞዘን ነው። በ1505 ገደማ እዚያው ሊሞዥ ተወልዶ ሥራው እስከ ቤተ መንግሥት አድርሶታል፤ ኋላም በ1571 ከከተማዋ ሹማምንት አንዱ ሆኗል። ዕድለኛ ነው። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ ስማቸው እንኳ አልተረፈም። አንዱ የቨርጂልን ኤኔይድ በኤናሜል ሰሌዳዎች ስለተረከ ብቻ “የኤኔይድ ባለሙያ” እየተባለ ይጠራል። ክፍል ውስጥ ስለ ኤኔይድ ለዓመታት ስለፈልፍ፣ ይህን ሁሉ ታሪክ እየፈጨ ምድጃ ውስጥ የከተተ ስም የለሽ አንባቢ እንደነበር ማን በነገረኝ!

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በ1545 ፍራንሷ ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት በኤናሜል አዘዘ። ንድፉን ሚሼል ሮሽቴል የተባለ ሠዓሊ አዘጋጀ፣ ሊሞዘን በእሳት ሠራው። በ1547 ሥራው ሲያልቅ ንጉሡም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሞተ። ልጁ ዳግማዊ ሄንሪ ሐዋርያቱን ለማን ቢሰጣቸው ጥሩ ነው? ለውሽማው። ሃያ ዓመት ገደማ ለምትበልጠው ለዲያን ደ ፑዋቲዬ፣ አኔ በተባለው ግቢዋ ላለው ጸሎት ቤት ማስጌጫ። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በሙሉ ውሽማ ቤት! ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ነው ወደ ሻርትር ከተማ የመጡት፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። የሉቭሩ ቶማስ የእነሱ ታናሽ ወንድም በሉት፤ ሊሞዘን ሐዋርያቱን ደግሞ ሲሠራ የወጣ ነው።

ከሙዚየሙ ወጥተን ቡና ይዘን ስንከራከር የእህቴ ልጅ ለንጉሡ ጠበቃ ቆመ።

“እኔ ትሕትና ነው የምለው፣ ጋሼ። ንጉሥ እኮ ነው፤ ጴጥሮስን አድርጉኝ ማለት ይችል ነበር። ቶማስ ግን ተጠራጣሪው ነው። ‘እኔም እንደሱ ነኝ’ ማለቱ ቢሆንስ?”

ድሮ ተማሪዬ ቢሆን ጥሩ ማርክ እሰጠው ነበር። ደግሞም ሠዓሊ ፊት ከሰማይ አያወርድም። ከጎረቤቱም ይሁን ከዳቦ ጋጋሪው፣ ከአንድ ሰው መዋሱ አይቀርም። ደራሲም እንደዚያው ነው። ጎረቤቱን ያልሰረቀ ደራሲ ካለ አሳዩኝ። ፊት መዋስ በራሱ ነውር ነው አልልም።

ግን በዚያው በ1545 የሆነውን ስሙ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ ዋልዴንሳውያን የሚባሉ ገበሬዎች ነበሩ። ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለየ እምነት ስለነበራቸው፣ በ1540 የኤክስ ከተማ ፍርድ ቤት ሜረንዶል የተባለው መንደራቸው እንዲደመሰስ ወስኖባቸዋል። ንጉሡ ለጥቂት ዓመታት አዘገየው። በ1545 መጀመሪያ ላይ ግን ይፈጸም ብሎ ፈቀደ። ሚያዝያ ላይ ወታደር ገባ። ሜረንዶልና ካብሪዬርን ጨምሮ መንደሮቹ ነደዱ። ሰው ሴት ወንድ ሳይባል ታረደ፤ ከተረፉት ወንዶች ብዙዎቹ በሰንሰለት ታስረው የመርከብ ቀዛፊ እንዲሆኑ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ፣ ሊሞዥ ውስጥ ሐዋርያት ለእሳት ይዘጋጁ ነበር።

ሰውዬው አውሬ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ሌዎናርዶ ዳቪንቺን በ1516 አምጥቶ ያኖረ እሱ ነው። ግሪክኛና ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ መምህራንን በ1530 በራሱ ደመወዝ ያቆመ እሱ ነው። (እንደ መምህር ለዚህ ብቻ እንኳ ባርኔጣዬን ባነሳለት ደስ ይለኝ ነበር።) ግን በ1534 በቁርባን ላይ የሚሳለቅ ጽሑፍ በየቦታው ተለጥፎ ቢያድር፣ በጥር 1535 ያው ንጉሥ ባዶ ራሱን፣ መብራት በእጁ ይዞ በፓሪስ ጎዳና ምሕላ ወጣ። በዚያው ዕለት በዚያው ከተማ ሰዎች በእሳት ይቃጠሉ ነበር።

እኔም ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ቶማስ ተጠራጠረ፤ ማንም ግን አላቃጠለውም። “ና ዳስሰኝ” ነው የተባለው። እኛም በዳግም ትንሣኤ የምናስበው ይሄንኑ ነው። የሜረንዶል ገበሬ ማንን ይዳስስ? እስቲ የመዳሰስ ዕድል የሰጠው ማን ነው? የተጠራጣሪውን ፊት ለራስህ ወስደህ ተጠራጣሪውን ማንደድ... “ትሕትና ነው” ያልከኝን ለዚያ ገበሬ ልጅ ንገራት አልኩት። ዝም አለ። ቡናው ቀዝቅዞበት ነበር።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ የቶማስ የራሱ ታሪክ ነው። ምዕራባውያን ሠዓሊዎች ቶማስን የሚሥሉት ብዙ ጊዜ ማዕዘን መለኪያ አስይዘው ነው፤ ግንበኞቻችን እስኳድራ የሚሏትን። ለምን ቢሉ፣ በጥንቱ ትውፊት ቶማስ ሕንድ የወረደው ግንበኛ ተብሎ ተሽጦ ነው። የሕንዱ ንጉሥ ጎንዶፋሩስ ቤተ መንግሥት ሥራልኝ ብሎ ብዙ ገንዘብ ሰጠው። ቶማስ ገንዘቡን ተቀብሎ ለድሆች አከፋፈለው። ንጉሡ ሥራው የት ደረሰ ብሎ ሲልክ፣ ደህና ነው፣ ጣሪያው ብቻ ቀርቶታል ይለዋል። ጣሪያው ይለቅ ብሎ ንጉሡ ገንዘብ ይጨምራል! ቶማስ ያንንም ለድሆች ያድለዋል። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ መጥቶ ቢያይ ባዶ ሜዳ። ቶማስን አሰረው። በዚያ ሌሊት የንጉሡ ወንድም ይሞትና በሰማይ አንድ ያማረ ቤተ መንግሥት ያያል። የማን ነው ቢል፣ ያ ክርስቲያን ለወንድምህ የሠራለት ነው ይሉታል። ነፍሱ ተመልሳለት ለወንድሙ ነገረው፣ ቶማስም ተፈታ።

በእኛም ስንክሳር ግንቦት 26 የሚታሰበው ይህ ሐዋርያ ነው። እስኳድራው እንግዲህ የዚህ ታሪክ ማስታወሻ ናት፤ የንጉሥ ገንዘብ ከንጉሥ ቤት ወጥቶ ድሀ ቤት የገባበት ታሪክ። ሻምቦርን የሚያህል ግንብ፣ ፎንቴንብሎን የሚያህል ቤተ መንግሥት በምድር ላይ ላስገነባው ለፍራንሷ የዚህን ሐዋርያ መልክ መስጠት፣ ሠዓሊው ሆን ብሎ ከቀለደ ትልቅ ቀልድ ነው። እኔ ግን የቀለደ አይመስለኝም።

ምክንያቱም ያው ሊሞዘን ንጉሥ እንዴት እንደሚሣል ያውቅ ነበር። ዳግማዊ ሄንሪ ለፓሪሷ ሴንት ሻፔል ባሠራቸውና በ1553 በተጠናቀቁት ሁለት የመሠዊያ ሥዕሎች ላይ ስቅለትና ትንሣኤ አሉ፤ እነዚህም ዛሬ ሉቭር ናቸው። ስቅለቱ ካለበት ሰሌዳ ከሥር በኩል ፍራንሷ ከንግሥት ክሎድ ጋር፣ በሌላኛውም ሄንሪ ከካትሪን ደ ሜዲቺ ጋር ተንበርክከው ይታያሉ። ያው እጅ፣ ያው ብርጭቆ፣ ያው እሳት ነው። ፍራንሷ እዚህ ከሥር ተንበርክኳል፤ እዚያኛው ሰሌዳ ላይ ግን ሐዋርያውን ሆኖ ቆሟል። እኔን የከነከነኝ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በእኛ አገር ሥዕል ይሄ ነገር ብዙም አያሻማም። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው እቴጌ ምንትዋብን ያገኛቸዋል። ያን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ንግሥት እመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው የተሣሉት። ልብሳቸው የንግሥት ልብስ ነው፤ ማንነታቸውም አልተደበቀም። ቦታቸው ግን መሬት ነው።

የዛሬው ሰው ይሄን ቦታ ይወደዋል ወይ? ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ “የተማረ ነው” ብለው የኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ። አንድ ጠቀም ያለ ገንዘብ ቃል የገቡና ግማሹን የሰጡ ሰው ነበሩ። ሥዕሉ ሊጀመር ሲል እሳቸውና ባለቤታቸው ከቅዱሱ ጎን ቆመው እንዲሣሉ ጠየቁ። ፎቶግራፉንም ይዘው መጥተዋል፤ በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ጣሪያ ገና አልለበሰም፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። በኋላ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

“ይሣሉ እንጂ! ያባቶች ወግ ነው። ከእግሩ ሥር ይሣሉ” አሉ።

“ተቀምጬ ማለትዎ ነው?” አሉ ሰውዬው።

“የለም፣ ተደፍተው።”

ሰውዬው የቀረውን ግማሽ አልሰጡም። ያንን ክረምት ቅዳሴው በሸራ ሥር አለፈ። ዝናቡ ሲበረታ ዲያቆናቱ ውኃ በባልዲ ይቀዱ ነበር፤ እኔም ቀድቻለሁ። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት መሪጌታውን እስከ ዛሬ አልማሯቸውም። “አንድ ፊት ግድግዳ ላይ ቢጨመር ምን ይጎድል ነበር? ሕፃናቱ ናቸው እኮ የበሰበሱት” ይላሉ። ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ የታመመ ሕፃን ያለባት እናት ፊት ቆሜ ስለ ሥዕል ወግ አላወራም። እኔ ግን ከመሪጌታው ጋር ነኝ።

ሊሞዘን እንደ መሪጌታው መናገር ይችል ነበር? እሱ ቤት ምድጃ አለ፣ ደቀ መዝሙር አለ፣ መዳብ ይገዛል፣ ማገዶ ይገዛል። የሚከፍለውም ንጉሡ ነው። ያቺ ማንም የማያያት የጀርባ ብርጭቆ ምን እንደምትሸከም ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሊሞዥ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ሌላ ቶማስ አለ። ሊሞዘን በ1551 በዘይት ቀለም የሣለው ነው፤ በመካከላቸው የቆመው ክርስቶስ ጎኑን ሲያስዳስስ ያሳያል። ስሙንም ከነማዕረጉ ጽፎበታል፤ ኤናሜል ሠሪ፣ ሠዓሊ፣ የንጉሡ እልፍኝ አገልጋይ ይላል። ቤቱ እሳት እያለው ለዚህኛው ሥዕል ብሩሽ ብቻ ነው ያነሣው። የእህቴ ልጅ ከፓሪስ በባቡር ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፣ የሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ይዤዎት እሄዳለሁ ብሎኛል። እስከዚያው ስልኬ ላይ ላሳይዎት ብሎ አወጣው።

“ተወው” አልኩት፣ “ሄጄ ነው የማየው።”